የድሮውን ሐዲድ ተከትሎ በእግር፦ ከቢሾፍቱ ወደ ሞጆ

ዘገምተኛው

ሰላም ለቤቱ። እዚህ መድረክ ላይ ተራራ ወጪው በዝቷል። የረር፣ ዝቋላ፣ ወንጪ እያላችሁ የምትለጥፉትን ፎቶ ሳይ ገና ሶፋ ላይ ሆኜ ጉልበቴን ያመኛል። እንደኔ ሳያልበው፣ ወሬውን ሳያቋርጥ ገጠር ለገጠር መንሸራሸር ለሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ልጠቁም፦ የድሮው የምድር ባቡር መስመር።

ነገሩ ቀላል ነው። ባቡር ዳገት አይችልም። ከጅቡቲ ባሕር ዳር ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችው አዲስ አበባ የደረሰው ከፍታውን በ784 ኪሎ ሜትር ላይ አከፋፍሎ፣ ቀስ እያለ ነው። ጉብታ ሲያጋጥማቸው ቆረጡት፣ ጎድጎድ ሲል አፈር ሞሉበት፣ አልሆን ሲላቸው ዞሩት። ያ ሁሉ ልፋት ዛሬ የሚጠቅመው ሰነፍ እግረኛን ነው።

ባለፈው ጥቅምት ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ከቢሾፍቱ ወደ ሞጆ አቅጣጫ ያዝነው። ሙሉው ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለሽርሽር ግማሹ ይበቃል። አስፋልቱ ሩቅ ስላልሆነ የደከመው ሰው ወጥቶ ሚኒባስ መያዝ ይችላል። መሬቱ ወደ ሞጆ በመጠኑ ዝቅ እያለ ስለሚሄድ ከሞጆ ከመነሳት ከቢሾፍቱ መነሳት ይሻላል። ዝቋላ ከኋላ በቀኝ፣ የረር ከኋላ በግራ ሆነው ብዙ መንገድ ይሸኟችኋል፤ ከፊት ያለው ጤፍ ነው፣ አሁንም ጤፍ ነው።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። እርሻው ውስጥ የገባ ሰው ጫማው ላይ ኪሎ ሙሉ ጥቁር ጭቃ ተሸክሞ ይወጣል። ሐዲዱ የተነጠፈበት ጠጠር ግን ውሃ አይቋጥርም፤ ያለ ቦት ጫማ ደረቅ እግር ይዘን ገባን።

ሐዲዱ በየቦታው ተነቅሏል። አንድ ቦታ ግን ሳይነካ ያለ ቁራጭ አገኘን። ጎኑን፣ ከላይኛው ወፍራም ክፍል ሥር ያለውን ቀጭን ወገብ፣ በውሃና በጨርቅ ስፈትገው ከዝገቱ ሥር ጎላ ጎላ ያለ የላቲን ፊደል ብቅ አለ። ዓመቱ ላይ 19 የሚለው ብቻ ይነበባል፤ የቀረውን ዝገት በልቶታል።

አዋሽ፣ መተሐራ፣ ድሬ አካባቢ የሞከረ ካለ ይንገረን።

ሚጢጢ

ደስ ሲል! ግን ዘበኛ የለውም? «ማን ፈቀደላችሁ» የሚል አይመጣም? ሁለት ልጆች ይዤ ነው የምሄደው፣ ትንሹ ገና 6 ዓመቱ ነው። እናቴ ደግሞ «ባቡሩ ድንገት ቢመጣስ» ትለኛለች፣ ሃሃ።

ዘገምተኛው

እናትሽን አይዞዎት በይልኝ። በዚያ መስመር ከአዲስ አበባ የሚነሳ ባቡር የቆመው ልጅሽ ሳይወለድ ዱሮ ነው። አሁን የሚሄደው አዲሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ሌላ መስመር፣ ሌላ ሐዲድ ነው።

ሜዳው ላይ ዘበኛ አላጋጠመንም። የሚያስቆማችሁ ባለእርሻው ነው። አንድ አባት ከማሳቸው ወጥተው መጡ። አካም ተባባልን። ሐዲዱን ጎንበስ ብለን ስንፈትግ አይተውን ኖሮ ፊታቸው ጥሩ አልነበረም። «ልትለኩ ነው የመጣችሁት?» አሉን። ሜትር እንደሌለን፣ ከመንግሥትም እንዳልተላክን ነገርናቸው፤ አላመኑም። ጓደኛዬ ቦርሳውን ዘርግፎ ዳቦና ውሃ ብቻ መሆኑን ሲያዩ ነው የሳቁት። «ታዲያ መኪና እያለ ለምን በእግራችሁ?» ለዚህ ጥያቄ ማናችንም ጥሩ መልስ አልነበረንም። ሲሸኙን ያሉን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሐዲዱ ዳርና ዳር ያለውን ሣር አትርገጡ፣ ለከብት የሚታጨድ ነው።

ሌላው፣ ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ ናት። ከከተማው ርቃችሁ እስክትወጡ ስልካችሁን ለፎቶ አታውጡ። ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ደግሞ የአካባቢውን ሁኔታ እዚያው ያለ ሰው ጠይቁ፤ ወቅት ወቅቱን ማየት ነው።

ጡረተኛው ከለገሃር

ልጆቼ እንደምን ናችሁ። ዕድሜዬን በዚያ መስመር ጥገና ክፍል ነው የጨረስኩት፤ የልጅ ልጄ አሳየችኝና ዝም ማለት አቃተኝ።

ያነበብከው ሐዲዱን ያመረተው ፋብሪካ ስምና የተመረተበት ዓመት ነው፤ ማንኛውም ሐዲድ ላይ አለ። መጀመሪያ የተዘረጋው ቀላል ነበር፣ አንዱ ሜትር 20 ኪሎ ይመዝናል። በኋላ ብዙው ቦታ ከበድ ባለ ተቀየረ። ስለዚህ ስትሄዱ አንዱ ቁራጭ ከሌላው ወፈር ብሎ ብታገኙት አይግረማችሁ፤ ያገኘነውን ነበር የምንተካው።

አሁን ስለ አካሄዱ። አዲስ ሰው ሁሉ በአጋዳሚዎቹ፣ ማለት ከሐዲዱ ሥር በአግድም በተደረደሩት ብረቶች ላይ እየረገጠ መሄድ ይጀምርና ብዙም ሳይርቅ «ወገቤን» ይላል። በሁለት አጋዳሚ መካከል ያለው ርቀት ከሰው እርምጃ ያንሳል። አንድ በአንድ ስትረግጡ እግሩ እንደታሰረ በቅሎ ትሆናላችሁ፤ አንዱን እየዘለላችሁ ስትሄዱ ደግሞ ታፋችሁ ይሰነጠቃል። እኛ የምንሄደው ከጠጠሩ ውጭ ባለችው ጠባብ ጥርጊያ ነበር። እናንተም እሷን ያዙ።

አጋዳሚዎቹ ብረት የሆኑት እንጨቱን ምስጥ ስለሚጨርሰው ነው። ብረቱ ጎንና ጎኑ ወደ ታች የታጠፈ፣ ሆዱ ባዶ ነው፤ ጠጠሩ ሲሸሽ ከሥሩ ክፍተት ይፈጠራል። እባብና ጊንጥ ይጠለልበታል። ልጆች እጃቸውን እንዳይሰዱ።

ድልድይ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። የኛ ትናንሽ ድልድዮች ወለል የላቸውም፤ በአጋዳሚዎቹ መሃል ቁልቁል ወንዙ ይታያል። ብሎኑ ተፈትቶ የተወሰደበት ካለ ደግሞ አጋዳሚው ሊከዳ ይችላል። በበጋ ወንዙ ደረቅ ነው፣ ወርዳችሁ ተሻገሩ።

በየኪሎ ሜትሩ የተተከለ ምልክት ካገኛችሁ ቁጥሩ ግራ እንዳያጋባችሁ፤ የሚቆጠረው ከጅቡቲ ነው። ድሬዳዋ 310 አካባቢ ነው። ወደ አዲስ አበባ በቀረባችሁ ቁጥር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

አዋሽ የምትሄዱ ከሆነ፣ በጥር 1977 ዓ.ም. እዚያ አካባቢ ኩርባ ላይ ፍጥነት ሳይቀንስ የገባ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ኮፍያችሁን አውልቁ።

ሚጢጢ

ጋሼ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎት። እስኪ ይጨምሩልን!

አዳሜ

እኔ ስለ መተሐራ ልናገር፣ ሥራዬ በዚያ በኩል ስለሚወስደኝ። እዚያ ሐዲዱን ተከትዬ ሽር እላለሁ የሚል ሰው በሰቃ ሐይቅ ያስቆመዋል። የዛሬ 60 ዓመት ገደማ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ የነበረ ሐይቅ አሁን ከ40 በላይ ሆኗል። ውሃው ጨዋማ ነው፣ ለከብትም ለእርሻም አይሆንም። የባቡሩንም የመኪናውንም መንገድ ስንት ጊዜ በአፈር ከፍ እያደረጉ ነው ያቆዩት። በሁለቱም በኩል ውሃ፣ ከማዶ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከዚያ የፈንታሌ ተራራ። ዕይታው አንደኛ ነው። ለእግር ግን አልመክርም፤ ጥላ የሚባል ነገር የለም፣ ሙቀቱ ያማል።

ሐበሻ በቨርጂኒያ

ይሄን ክር ሳነብ ቀናሁ፤ ደግሞም አዘንኩ። እኔ ያለሁበት ቨርጂኒያ ውስጥ ደብሊው ኤንድ ኦዲ የሚባል መንገድ አለ፤ ድሮ ባቡር የሚሄድበት ነበር። ከሸርሊንግተን ተነስቶ በፎልስ ቸርች፣ በቪየና፣ በሊስበርግ አድርጎ ፐርሰልቪል ድረስ 72 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ባቡሩ የቆመው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ አስፋልት ለብሶ እግረኛ፣ ብስክሌተኛ፣ ጋሪ የሚገፋ ሁሉ ይሄድበታል። ቅዳሜ ጠዋት የኛ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስኒከር አድርገው፣ በሦስት በሦስት ሆነው ስለ ሰው ሠርግ እያወሩ ሲሄዱ ታገኟቸዋላችሁ። ቪየና ላይ አንድ ቀይ የድሮ ፉርጎ ለመታሰቢያ ቆሟል።

የኛስ ለምን እንዲህ አይሠራም? መሬቱ አለ፣ ተደልድሏል፣ ታሪኩም አለ። ከአቃቂ እስከ አዳማ ያለውን ብቻ አስፋልት ቢያለብሱት ስንት ቱሪስት ይመጣበት ነበር!

የሞጆ ልጅ

> የኛስ ለምን እንዲህ አይሠራም? መሬቱ አለ

ወንድሜ በአክብሮት ልመልስልህ። «መሬቱ አለ» የሚለው ላይ ነው የምንለያየው። ከዚያው መስመር አጠገብ ነው ያደግኩት። ባቡሩ ቀረ እንጂ መንገዱ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ጠዋት ተማሪው በእሱ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው። የገበያ ቀን አህያው ጤፉን ጭኖ በእሱ ነው የሚመጣው፤ ለምን ቢባል ዘገምተኛው እንዳለው በክረምት ጭቃ የሌለበት እሱ ብቻ ነው። ለቀብር ሰው ሬሳ ተሸክሞ የሚያልፈው በእሱ ነው። ሣሩን ያጭዳሉ፣ ዳር ዳሩን ያረሱም አሉ፣ ከተማ ውስጥ ቤት የሠሩበትም አሉ።

አሁን አስፋልት ይልበስ ስትል መጀመሪያ የሚመጣው ሜትር የያዘ ሰው ነው። ያ ባለእርሻ የፈራው ይሄንኑ ነው፤ ፍርሃቱ ደግሞ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ቀጥሎ አጥር ይመጣል። ከዚያ በሞተር የሚበር ጎረምሳ ይመጣል። አህያዋ ወዴት ትሂድ?

መጥታችሁ ሂዱበት፣ ደስ ይለናል። ሻይ እናፈላለን። «ባዶ ነው» አትበሉን እንጂ።

ሐበሻ በቨርጂኒያ

የሞጆ ልጅ፣ ነጥብህ ገብቶኛል፣ በዚህ በኩል አላሰብኩትም። አንድ ነገር ግን ልጨምር። እዚህ የተሳካው ሰዉ ከኛ ስለሚሻል አይደለም። ባቡሩ ሲቆም መሬቱን የመብራት ኩባንያ ገዝቶ የከፍተኛ ኃይል ምሰሶ አቆመበት። በዚህ ምክንያት ሳይሸነሸን አንድ ላይ ቀረ፤ በኋላ የአካባቢው የፓርክ መሥሪያ ቤት ከሱ ላይ ገዛው። እስከ ጫፉ ተሠርቶ ያለቀው በ1988 ነው፣ 20 ዓመት ፈጅቷል። ዛሬም ምሰሶው ከራስህ በላይ እየጮኸ ነው የምትሄደው። በየቦታው ተቆራርሶ ቢሆን ኖሮ እዚህም አይሆንም ነበር።

ቤተልሔም ከኢየሩሳሌም

እኔ መሃለኛውን መንገድ ላሳያችሁ። እዚህ ኢየሩሳሌም ከያፎ የሚመጣው የድሮ ባቡር ነበር፣ በ1892 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ፣ እሱም በፈረንሳይ ኩባንያ፣ እሱም መጀመሪያ እንደኛው 1 ሜትር ስፋት የነበረው። ከተማ ውስጥ ያለው ክፍል በ1998 ቆመ፤ ከዚያ የእግር መንገድ አደረጉት። ሐዲዱን ግን አልነቀሉትም። በብዙ ቦታ በሁለቱ ብረቶች መሃል ጣውላ ደልድለው፣ ሰው በሐዲዱ ውስጥ እንዲሄድ ነው ያደረጉት። የብስክሌቱ መንገድ ለብቻው ከጎኑ ነው። ልጆቼ አንዱን ብረት ይዘው ሚዛን እየጠበቁ ይሄዳሉ፣ እኔ በጣውላው ላይ ቀስ እያልኩ። ሰፈሮቹ እንደነበሩ ናቸው፤ ሱቅ የሚሄደውም፣ ትምህርት ቤት የሚሄደውም በሱ ነው የሚያልፈው።

ሐዲዱ ካለ፣ ጋሼ የነገሩን የአጋዳሚ ችግርም በጣውላ ይፈታል ማለት ነው።

ጡረተኛው ከለገሃር

ጣውላውን ምስጥ ይበላዋል ልጄ። ሐሳቡ ግን ጥሩ ነው።

የድሬ ልጅ

አቦ እናንተ ቢሾፍቱ ሞጆ ስትሉ ድሬን ረሳችኋት! ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር አይደል እንዴ? ሐረር ዳገት ላይ ስለሆነች ባቡሩ መውጣት አቅቶት ሥሯ ቆመ፤ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፣ ስሟንም አዲስ ሐረር አሏት። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተቋቋመ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ እኛ ነበርን።

የእግር መንገድ ለሚፈልግ፦ በከዚራ ይጀምር። ቀጥ ቀጥ ያሉት መንገዶች፣ የዛፉ ጥላ፣ ያ ሁሉ የፈረንሳዮች አሠራር ነው። ጣቢያውን ጠይቆ ገብቶ የድሮ መኪኖቹን ያያል፤ ጋራዡ ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች ጥያቄ ከጠየቃቸው በፈረንሳይኛ ይመልሱለታል። ከዚያ ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ። በሽንሌ በኩል ሐዲዱን ይዤ እሄዳለሁ የሚል ካለ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ፀሐይ ሳትበረታ ይመለስ። ወላሂ ከረፈደ በኋላ ብረቱን በእጅ አይነኩትም።

ወደ ኤረር የሚወስደውን ሰው ካገኛችሁ ደግሞ አትለፉት። ድሮ ባቡሩ ኤረር ሲቆም ብርቱካኑ በመስኮት ነበር የሚገባው። እናቴ አሁንም የገበያ ብርቱካን አታመሰግንም።

አዳሜ

አንድ ማሳሰቢያ ለሁሉም፣ በተለይ ልጆች ለምትይዙ። አሮጌውንና አዲሱን መስመር አታምታቱ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ከላይ የተዘረጋው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ነው። እሱ ላይ በእግር መሄድ ክልክል ነው፣ አደገኛም ነው። መለየት ቀላል ነው፦ አሮጌው ጠባብ ነው፣ ከብረት እስከ ብረት 1 ሜትር፤ ከላዩም ምንም የለም። አዲሱ ሰፊ ነው፣ ኮንክሪት አጋዳሚ አለው፣ ምሰሶና ሽቦ አለው። ሽቦ ካያችሁ ተመለሱ።

ዘገምተኛው

አመሰግናለሁ አዳሜ፣ ይሄ መጀመሪያ መጻፍ ነበረበት።

በአስፋልቱ ክርክር ላይ የኔን ልናገር። ከሞጆ ልጅ ጋር ነኝ። መንገዱ ደስ ያለኝ ማንም ለኔ ብሎ ስላልሠራው ነው። ወንበር የለም፣ «ወደ ሞጆ» የሚል ሰሌዳ የለም፣ ቲኬት የሚቆርጥ የለም። ከፊቴ አንድ ልጅ ፍየል ይነዳል፣ ከኋላዬ ሴትዮዋ ጀሪካን አዝለዋል፤ እኔ በመሃል ሥራ ፈት ሆኜ አልፋለሁ። ሥራ ፈቱ እኔ ስለሆንኩ መንገድ የምለቀው እኔ ነኝ። የቤተልሔም ጣውላ ድልድዮቹ ላይ ብቻ ቢደረግ ግን አልጠላም፤ ተማሪዎቹም በሱ ይሻገራሉ።

ሐዲዱን በተመለከተ ሌላ ጭንቀት አለኝ። በየጊዜው እያነሰ ነው። አንዱ ለቤቱ ምሰሶ፣ ሌላው ለቁራሌው። ጽሑፍ ያለበት ቁራጭ እንኳን ተለቅሞ ጣቢያዎቹ ላይ ቢቀመጥ ጥሩ ነበር።

የሞጆ ልጅ

የአያቴ በረት ሁለቱ ምሰሶ ሐዲድ ነው። ሄጄ ጽሑፉን አነብልሃለሁ፤ ነቅዬ ግን አላመጣልህም ሃሃ።

ሚጢጢ

እሺ ወስኛለሁ፣ ከልጆቹ ጋር እንሄዳለን። ሦስት ጥያቄ ብቻ። የልጅ ጋሪ ይገፋል? ውሻስ? ምሳ እዚያ ይገኛል ወይስ ልያዝ?

የሞጆ ልጅ

ጋሪ አይገፋም፣ ጠጠሩ ጎማውን ይበላዋል፤ ትንሹን በሻሽ እዘይው። ውሻ አለ። ከቤት አጠገብ ስታልፉ ጎንበስ ብለሽ ድንጋይ የምታነሺ ምሰዪ፣ ይበቃል፤ እንዳትሮጡ ብቻ። ምሳ ያዙ፣ መሃል ላይ ሱቅ የለም። ውሃ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሊትር።

ጡረተኛው ከለገሃር

የ6 ዓመት ልጅ አይታዘልም፣ ይሂድ! በዚያ ዕድሜው እኔ ከአባቴ ኋላ የብሎን መፍቻ ይዤ ነበር የምሄደው። ኮፍያ አድርጉለት። በሁለት ሰዓት ጀምራችሁ በስድስት ሰዓት አስፋልት ውጡ።

ሚጢጢ

እሺ ጋሼ። የሞጆ ልጅ፣ የሻዩን ነገር አልረሳሁም፣ በውስጥ መስመር እጽፍልሃለሁ። ከመመለሻው ሚኒባስ ጋር የማይጣላ ሰዓት ንገረኝ።

የሞጆ ልጅ

ከሞጆ ወደ ቢሾፍቱ እስኪመሽ ድረስ አይጠፋም። የገበያ ቀን ብቻ አትምጡ፣ ወንበር አታገኙም።